ካውያ ከማንሳታችሁ በፊት፦ ቤት የተሠራ ዲስቶርሽን ፔዳል ድምፁ ሲበላሽ

ሱቄ ከፖስታ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚያወጣው ዳገት ዳር ናት፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጋር አንድ በር የምንጋራባት ጠባብ ክፍል። እንጀራዬ የሬዲዮ፣ የቴፕና የአምፕሊፋየር ጥገና ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጊታር ያዘሉ ልጆች በፌስታል ጠቅልለው የሚያመጡት ሌላ ሥራ መጥቷል፦ ራሳቸው የገጣጠሙት የዲስቶርሽን ፔዳል፤ በጊታሩና በአምፑ መሃል ገብቶ በእግር ሲረገጥ ድምፁን የሚያሻክር ሣጥን። አንዱ በኒዶ ጣሳ ውስጥ ነው የሠራው፣ ሌላው በብስኩት ቆርቆሮ፣ ሌላዋ በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ። ንግግራቸው ግን አንድ ነው። ገና ደጃፉ ላይ ቆመው፣

"ጋሼ፣ አይሲው ተቃጥሎ ነው" ይሉኛል።

"ማን ነገረህ?"

"ቀየርኩት እኮ፤ አሁንም ያው ነው።"

ቀይሮት ያው ከሆነ፣ እንግዲህ የመጀመሪያውም ደህና ነበር ማለት ነው። መርካቶ ወርደው ሦስተኛ አይሲ ከመግዛታቸው በፊት እንዲያውቁት የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ አይሲ፣ ያ ድምፁን የሚያጎላው ባለ ብዙ እግር ትንሽ ዕቃ፣ የሚታማውን ያህል አይበላሽም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኃይሉ፣ ከግራውንዱ (ኔጌቲቩ ከሚያያዝበት የጋራ መስመር) ወይም ከሽቦው ነው፤ እሱንም በመስማትና በመለካት እንጂ ዕቃ በመቀያየር አታገኙትም።

ለምሳሌነት የምይዘው ብዙዎቹ የሚገለብጡትን ሥሪት ነው፤ የፔዳል አምራቹ ኤምኤክስአር በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያወጣውን ዲስቶርሽን ፕላስ። አንድ ባለ 8 እግር አይሲ ድምፁን ያጎላዋል። ከዚያ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮዶች፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ዞረው ከግራውንድ ጋር ይያያዙና የሞገዱን ጫፍ ከሁለቱም ወገን ይቆርጡታል። ዲስቶርሽን የምንለው ይህ መቆረጥ ነው። መጀመሪያ የነበረው አይሲ 741 ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው ቲኤል071 ይሰካበታል፤ ዋና ዋና እግሮቹ አንድ ቦታ ስለሆኑ ችግር የለውም። ቲኤል072 እና 4558 ግን በሆዳቸው ሁለት ማጉያ የያዙ ናቸው፤ ፖዘቲቩን የሚቀበሉት በ7 ሳይሆን በ8ኛው እግር ነው። "ያው ባለ 8 እግር ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትስሙት።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ጊታሩን በቀጥታ ከአምፑ ጋር አገናኙና ስሙ። ገመዱ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቀጥሎ ፔዳሉን መሃል አስገቡና ሳትረግጡት ስሙ። ንጹሁ ድምፅ ያልፋል፣ ሲረገጥ ግን ይጠፋል? እንግዲያው ጃኮቹ ደህና ናቸው፤ ጥያቄው ቦርዱ ወይም ከእግር ማብሪያው ወደ ቦርዱ የሚሄዱት ሽቦዎች ናቸው። ሁለቱም ከጠፉ ቦርዱን ተዉት፤ ጃኮቹንና ማብሪያውን እዩ። ባለ 9 እግሩ ማብሪያ ካውያ ሲበዛበት ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ምላሱ ይንጋደዳል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም። በቴስተሩ የ"ቢፕ" ቦታ ላይ አድርጋችሁ እየረገጣችሁ ፈትሹት። መሃል ያሉት ሦስት እግሮች አንዴ ከአንዱ ወገን፣ አንዴ ከሌላው ወገን ጋር መጮህ አለባቸው።

አሁን ኃይሉ። እዚህ ከተማ አዳፕተር ሲጠፋ ሁሉም ሰው የሚነቅለው የዋይፋይ ራውተሩን ነው። የራውተር አዳፕተር በአብዛኛው የመሰኪያው መሃል ፖዘቲቭ ነው፤ የጊታር ፔዳል ደግሞ በተለምዶ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። ቮልቱ 9 ቢልም የተገለበጠ ኃይል እየሰጣችሁት ነው። መግቢያው ላይ ለመከላከያ 1ኤን4001 ዳዮድ አድርጋችሁ ከሆነ እሱ ይሞቃል፣ አዳፕተሩም ይታፈናል፤ ካላደረጋችሁ ደግሞ አይሲውን ይኸኔ ነው በእውነት የምታቃጥሉት። ስለዚህ ምርመራ ሁሉ በባለ 9 ቮልት ድንጋይ ይጀመር። አዲስ ድንጋይ ከ9 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል። የምትለኩትም ፔዳሉ በርቶ ሳለ ይሁን፤ የደከመ ድንጋይ ሥራ ፈትቶ ሲለካ ደህና ነው ብሎ ይዋሻል።

በድንጋይ ንጹህ ሆኖ በአዳፕተር የሚያጉረመርም ፔዳል ራሱ ጤነኛ ነው። ጊታሪስት ከሆናችሁ የጉርምርምታውን ምንጭ በጆሮ መለየት ትችላላችሁ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በአዳፕተሩ ውስጥ ሲቃና እጥፍ፣ 100 ኸርዝ ይሆናል። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያዙት፤ እዚያ ያለው ጂ 98 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው ከሱ ጋር ከተቀራረበ በደንብ ያልተጣራ አዳፕተር ነው፤ 470 ወይም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ መሃል ብትጨምሩ ይቀንሳል። ከሱ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ከተሰማ ደግሞ ከአየር ወይም ከግራውንድ የመጣ ነው፤ ክሮቹን በእጃችሁ ስትነኩ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ክሮቹን ስትነኩ እጃችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ግን ፔዳሉን ተዉትና አምፑን ከሶኬት ንቀሉ። በአሮጌዎቹ የአራዳ ቤቶች ብዙ ሶኬት የመሬት ሽቦ የለውም። ይህ የድምፅ ጥራት ጉዳይ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ።

መብራት ሲሄድ ፓወር ባንክ ላይ ከ5 ወደ 9 ቮልት በሚያሳድግ ገመድ የሚጫወቱም አሉ። ያ ገመድ ቀጭን ፉጨት ይለቃል፤ ጌይኑን (የማጉያውን መጠን) በከፈታችሁ ቁጥር ይብሳል። ለእሱ መድኃኒቱ ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ዓይነት ፔዳል ከ5 ሚሊአምፒር በታች ነው የሚበላው። ድንጋዩ በአንድ ቀን ካለቀባችሁ ወይ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ወይ ጃኩ ተነቅሎም ኃይሉ አልተቋረጠም። መግቢያው ላይ ስቴሪዮ ጃክ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ የድንጋዩ ኔጌቲቭ በመሃለኛው ምላስ በኩል ያልፋል፤ ገመዱ ሲነቀል ይጠፋል።

እነዚህን አልፋችሁ ድምፁ አሁንም ካልተስተካከለ ክዳኑን ክፈቱ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ፤ ጥቁሩን ከጃኩ ግራውንድ ጋር አሲዙ፤ በቀዩ የአይሲውን እግሮች ንኩ። አይሲው ላይ ያለውን ጎድጎድ ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩት 1ኛው እግር በግራ ከላይ ነው፤ በግራ እስከ 4 ትወርዱና በቀኝ ከታች ከ5 ተነስታችሁ ወደ 8 ትወጣላችሁ። ቦርዱን ገልብጣችሁ በብየዳው በኩል ስታዩት ግራና ቀኙ ይለዋወጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

4ኛው እግር ዜሮ ይሁን። 7ኛው የድንጋዩን ያህል ይሁን። 6ኛው፣ ማለትም መውጫው፣ የድንጋዩ ግማሽ፣ 4.5 አካባቢ ይሁን። የጊታር ድምፅ ወደ ላይም ወደ ታችም ይወዛወዛል፤ እኛ ያለን ደግሞ ከዜሮ እስከ 9 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ቮልቱን ለሁለት ይከፍሉና ድምፁን መሃል ላይ ያስቀምጡታል። መሃሉ ከተዛባ የድምፁ አንዱ ወገን ጣሪያ ይመታል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚደነግጥበት ቦታ ላይ ደረስን። በዚህ ሥሪት ሁለቱ ከፋይ ሬዚስተሮች እያንዳንዳቸው 1 ሜጋኦም ናቸው፤ ከመሃላቸው ወደ 3ኛው እግር የሚሄደውም 1 ሜጋኦም ነው። ሁላችን እጅ ላይ ያለችው ትንሿ ዲቲ830 ቴስተር ደግሞ የራሷ የውስጥ ሬዚስታንስ 1 ሜጋኦም ነው። ስትለኩባት እሷም እንደ አንድ ተጨማሪ ሬዚስተር ትገባና ቮልቱን ታወርደዋለች። ከፋዮቹ መሃል 4.5 ሳይሆን 3 ቮልት፣ 3ኛው እግር ላይ ደግሞ 1.8 ታነባላችሁ። ፔዳሉ ምንም አልሆነም። ውስጡ 10 ሜጋኦም የሆነ ደህና ቴስተር እንኳ 3ኛው እግር ላይ 3.9 ነው የሚያነበው። ባለ መርፌው የድሮ ቴስተር በ10 ቮልት ረድፍ ከፋዮቹ መሃል 1.3 አካባቢ ያሳያችኋል። እንዲህ ያለውን ንባብ አይቶ ደህናውን ሬዚስተር ሁሉ የነቀለ ልጅ መጥቶልኝ ያውቃል። ስለዚህ 3ኛውን አትመኑ፤ 6ኛውን እመኑ። 6ኛው ጠንካራ መውጫ ስለሆነ ቴስተር አያወርደውም፤ እሱ 4.5 ካለ 3ኛውም ትክክል ነው።

የቴስተሯን የራሷን ድንጋይም አትርሱ። እሱ ሲደክም ንባቧ ከፍ ከፍ ይላል። ለፔዳሉ ድንጋይ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰርቀው ከቴስተሩ መሆኑን ስለማውቅ ነው ይህን የምለው።

6ኛው እግር 8 ቮልት አካባቢ ከተሰቀለ የምጠረጥረው ከ2ኛው እግር በጌይን ፖቱ (በሚዞረው ማስተካከያ) በኩል ወደ ግራውንድ የሚወርደውን መንገድ ነው። እዚያ ያለችው 47 ናኖፋራድ ካፓሲተር ዲሲውን (የማይወዛወዘውን ቋሚ ቮልት) ታግደዋለች፤ እሷ ሾርት ከሆነች ወይም የብየዳ እርሳስ ዘሏት ከሄደ አይሲው 4.5ቱንም ጭምር ማጉላት ይጀምራል። ከ2ኛው ወደ 6ኛው የሚመለሰው 1 ሜጋኦም ተላቆም ሊሆን ይችላል። 6ኛው ወደ ታች፣ 1 ወይም 2 ቮልት ላይ ከወደቀ 3ኛው እግር ግማሽ ቮልቱ አልደረሰውም፤ ከከፋዮቹ ወደ ፖዘቲቭ የሚሄደው ክፍት ነው ወይም ማጣሪያዋ ካፓሲተር ተገልብጣ ገብታ ቮልቱን ወደ ግራውንድ ታፈሳለች። አይሲው በጣት ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ ወዲያው ንቀሉት፤ ተገልብጦ ተሰክቷል። አይሲው ወይም ኃይሉ ተገልብጦ ከሆነ ብቻ ነው "ተቃጥሏል" ሲሉኝ የማምነው።

ቮልቶቹ ልክ ሆነው ድምፁ መጥፎ ከሆነ ጆሮ ይሥራ።

ክሩን በኃይል ስትመቱት ብቻ ተነስቶ፣ ድምፁ ሲቀንስ በድንገት ተቆርጦ የሚቀርና ፋንዲሻ ሲፈነዳ የሚመስል ከሆነ መሃሉ ተዛብቷል፤ ወደ 6ኛው እግር ተመለሱ። በትራንዚስተር የተሠራ ፈዝ (ሌላ ዓይነት የዲስቶርሽን ፔዳል) ከሆነ ደግሞ የኮሌክተሩን ቮልት ለኩ፤ ግማሹ አካባቢ ካልሆነ እግሩ ተሳስቷል ብላችሁ ጀምሩ። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበቡ 2ኤን3904 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው፤ ቢሲ547 ተገላቢጦሹ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ ከአሮጌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምትነቅሏቸው ሲ1815 እና ሲ945 ደግሞ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ናቸው። ተገልብጦ የገባ ትራንዚስተር ሙሉ በሙሉ ዝም አይልም፤ በደካማው ይሠራል፤ የሚያሳስተውም ለዚያ ነው።

ድምፁ የሳሳ ወይም የጨቀየ ከሆነ የካፓሲተሮቹን ቁጥር አንብቡ። ከጌይኑ ጋር ያለችው 47 ናኖ 473 ተብሎ ነው የሚጻፍባት። ከ4.7 ኪሎኦሟ ሬዚስተር ጋር ሆና፣ ጌይኑ ሙሉ ሲከፈት፣ ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እየቀነሰች ታጎላለች፤ የፔዳሉ ጠባይ የሚመጣው ከዚያ ነው። በ473 ፈንታ 474 ከገባ ወሰኑ ወደ 72 ኸርዝ ይወርድና ወፍራሙ ክር ሁሉን ያጨቀየዋል። 472 ከገባ ወደ 7200 ይወጣና ፔዳሉ የሚያሳክክ ጭረት ብቻ ይሆናል። ቁጥሩ በፒኮፋራድ ነው፣ የመጨረሻዋ ቁጥር የዜሮ ብዛት ናት፤ 104 ማለት 100 ናኖ ነው።

ዲስቶርሽኑ ጭራሽ አልነሳ ካለ 4.7 ኪሎኦሟን እዩ። ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቀይ ናት። በማታ መብራት ቀዩና ብርቱካናማው ይመሳሰላሉ፤ 47 ኪሎኦም ከገባ የማጉላት አቅሙ ከ213 እጥፍ ወደ 22 እጥፍ ይወርዳል። ባለ አምስት ቀለበቶቹን ሬዚስተሮች በቀለም አታንብቡ፤ ከመበየዳችሁ በፊት በቴስተር ለኩና ጨርሱ።

ድምፁ ከባይፓሱ (ሳይረገጥ ከሚያልፈው ንጹህ ድምፅ) ያነሰ ከሆነ ዳዮዶቹን በዳዮድ ቦታ ለኩ። አንዱን እግር ከቦርዱ አላቁና በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩት፤ በአንዱ ብቻ ማንበብ አለበት። ሲሊከኑ 1ኤን4148 ከ550 እስከ 700 ያነባል፤ ጀርመኒየም ከ200 እስከ 400። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካነበበ ሾርት ነው፤ ድምፁን ሁሉ ወደ ግራውንድ እያፈሰሰው ነው። የጀርመኒየም ፔዳል ግን በባሕርዩ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚቆርጠው ከሲሊከኑ ግማሽ ከፍታ ላይ ስለሆነ እንደ ብልሽት አትቁጠሩት። "ጀርመኒየም ነው" ተብሎ የተሸጠላችሁ 600 ካነበበ ሲሊከን ገዝታችኋል። እውነተኛውን የፈለገ ምናለሽ ተራ ይውረድና የሞተ አሮጌ የኤኤም ሬዲዮ ይግዛ፤ ድምፁን ከሞገዱ የሚለየው ትንሹ የመስታወት ዳዮድ ጀርመኒየም ነው። ሙቀት አይወድም፤ ስትበይዱት እግሩን በፒንሳ ያዙለት።

የሚያፏጭ ከሆነ፣ በተለይ ጌይኑ ሲከፈት ብቻ፣ የመውጫው ሽቦ ከመግቢያው ሽቦ ጋር ተጠጋግቷል። ከ200 እጥፍ በላይ በሚያጎላ ነገር ውስጥ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ለመግባት አየር ይበቃዋል። ሽቦዎቹን አሳጥሩ፤ አራርቁ፤ መግቢያውን የብረት ሽፋን ባለው ገመድ ቀይሩት፤ በ7ኛውና በ4ኛው እግር መሃል አንድ 104 ቅርብ አድርጋችሁ በይዱ። ሬዲዮ ጣቢያ የሚያሰማ ከሆነ ደግሞ ከመግቢያው ወደ ግራውንድ 102 ካፓሲተር አድርጉ። በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ የተሠራ ፔዳል ግን ቆርቆሮ እስኪለብስ ድረስ ጉርምርምታውም ዜናውም አይለቀውም።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ድምፁ የሚጠፋበትን ቦታ ተከትላችሁ ያዙት። የተበላሸ የጊታር ገመድ ቁረጡ፤ ሽፋኑን ከፔዳሉ ግራውንድ ጋር አገናኙ፤ የመሃሉ ሽቦ ጫፍ ላይ አንድ 104 ካፓሲተር በይዱና ሌላኛውን እግሩን እንደ መርፌ ተጠቀሙበት። የገመዱን ሌላ ጫፍ አምፑ ላይ ሰኩ፤ የአምፑን ድምፅ ዝቅ አድርጉ። በጊታሩ ፈንታ ከስልካችሁ ላይ አንድ የክራር ዘፈን ወደ ፔዳሉ ልቀቁ፤ ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ከዚያ በቅደም ተከተል ንኩ፦ የመግቢያው ካፓሲተር በፊትና በኋላ፣ 3ኛው እግር፣ 6ኛው እግር፣ ዳዮዶቹ፣ የቮልዩሙ መሃል እግር። ክራሩ አንዱ ነጥብ ላይ ተሰምቶ ቀጣዩ ላይ ከጠፋ ብልሽቱ በሁለቱ መሃል ነው። ይህን መርፌ ለ9 ቮልት ዕቃ ብቻ ተጠቀሙበት፤ በቀጥታ ከሶኬት የሚሠራ ወይም ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ውስጥ ፈጽሞ እንዳታስገቡት።

ድምፁ አንዳንዴ መጣ አንዳንዴ ሄደ የሚል ከሆነ በስቴኪኒ እያንዳንዷን ብየዳ ነካ ነካ አድርጉ። የደበዘዘና እንደ ጠብታ ተሰብስቦ የቆመ እርሳስ አልያዘም ማለት ነው፤ ካውያውን ከእግሩም ከቦርዱም ጋር አስነክታችሁ እንደገና አቅልጡት።

ክፍት ሆኖ ሠርቶ ክዳኑ ሲገጠም ዝም የሚል ፔዳል ብዙ ነው። ጃክ ውስጥ የሚገባው የገመድ ጫፍ ምላሱን ገፍቶ ከቦርዱ ወይም ከጣሳው ጋር ያስነካዋል፤ የፖቱ ብረት ጀርባም ብየዳዎቹ ላይ ያርፋል። ቦርዱ ላይ ወፍራም ካርቶን ወይም ላስቲክ አንጥፉ። የጣሳ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ጃኩ በሚቀመጥበት በውስጥ በኩል ፍቃችሁ ብረቱን አውጡት፤ አለበለዚያ ጣሳው ከግራውንድ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

የመጨረሻው የፔዳሉ ጥፋት ያልሆነ ነገር ነው። አንድ ልጅ አንቺሆዬን ሁለት ሁለት ክር አጣምሮ እየመታ "ይንጫጫል" ብሎ አመጣልኝ። ዲስቶርሽን ሁለት ድምፅ በአንዴ ሲገባበት የሁለቱን ድምርና ልዩነት እየፈጠረ ይጨምራል። አምስተኛውን፣ ለምሳሌ ሲ እና ጂን አብራችሁ ስትመቱ ልዩነቱ ከታች ያለው ኦክታቭ ላይ ይወድቅና ያማረ ይሆናል፤ የሮክ ተጫዋቾች እሱን የሚደጋግሙት በከንቱ አይደለም። አንቺሆዬ ውስጥ ያሉትን በግማሽ ቶን የተጠጋጉ ድምፆች፣ ለምሳሌ ሲ እና ዲ ፍላትን፣ አብራችሁ ብትመቱ ግን በመሃለኛው ሲ አካባቢ ልዩነቱ 16 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ይህ እንደ ዜማ ሳይሆን እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማል። ምንም ዕቃ ብትቀይሩ አይጠፋም። እነዚያን ድምፆች አንድ በአንድ ምቷቸው፤ አብረው እንዲሰሙ ከፈለጋችሁ ደግሞ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 4 አካባቢ ቀንሱት፤ ዳዮዶቹ መቁረጥ ሲያቆሙ መንጫጫቱም ይቀንሳል።